ሳንጣላ የታረቅንበት የአሸንጌ ጉዞ

እኔ የምልህ ካሳዬ፣ ሰው በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ለማደር የማን ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው? ቆይ፣ አትመልስልኝ። ብትፈልግም አትችልም። አንተ ደሴ ነህ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ሰቆጣ፣ ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ጓዳ ውስጥ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ለቴፕ ነው የምናገረው። የላክህልኝን ካሴት ሰማሁት። “የአሸንጌው ጉዞ እንዴት ነበር፣ አማረ ወይ?” ብለሃል። ደብዳቤ ልጽፍልህ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሁለቴም ብዕሩ ወረቀቱን በሳው። ስለዚህ ዝም ብለህ ስማኝ።

ታውቀኛለህ፣ ቶሎ ነው የምግለው። እናቴ እንዲያውም ስወለድ ያለቀስኩት በንዴት ነው ትላለች፤ ሌላ ሕፃን እንደሚያለቅሰው አላለቀስክም፣ የሆነ ሰው የሰደበህ ነበር የምትመስለው ትለኛለች። እሺ ይሁን። የዛሬው ግን ምክንያት አለው። ስማና ፍረድ።

ነገሩ የተጀመረው በአባቴ ዓይን ነው። አባቴን ታውቃቸዋለህ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሞሌ ጨው በበቅሎ ጭነው ከማይጨው ሰቆጣ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አሸንጌ አለ፣ ተራራ መሃል የተኛው ሐይቅ። ስንት ጊዜ በዳሩ አለፉ? እሳቸውም ቁጥሩን አያውቁትም። ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለው አይተውት አያውቁም። በቅሎ ጭነህ እንዴት ትቀመጣለህ? ጭነቱ ይዘነበላል። ጨው ውኃ ከነካው ደግሞ አለቀልህ። “አርባ ዓመት ሙሉ ያን ውኃ በበቅሎ ቂጥ አሻግሬ ነው ያየሁት” ይላሉ ራሳቸው። እኔ አይደለሁም ያልኩት።

አሁን ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ቀኙም ጀምሮታል። ታዲያ ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጠው ወደ ተራራው እያዩ፣ “ያ ውኃ ዳር አንድ ቀን ቁጭ ብል ደስ ይለኝ ነበር” አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት። እኔ ግን የላንድሮቨሯን ጎማ እየነፋሁ ሰማኋቸው። ሰምቼም ዝም ማለት አልችልም፣ ተፈጥሮዬ አይደለም። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። ጸላሪ ወንዝ አንዴ ከሞላ መንገዱ እስከ መስከረም አይከፈትም። መስከረም ድረስ ያ ዓይን ይጠብቀናል? ማን ያውቃል?

መኪናዋ የሐጂ እንድሪስ ናት፤ እኔ ሾፌር ነኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። ሐጂ ነገር አያበዙም። “አባትህ በጸሐይም በዝናብም ጨው ሲያመጡልን የኖሩ ሰው ናቸው” አሉና ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት ቀን ሰጡኝ። አራት ቀን ብቻ። ዓርብ ጠዋት ከዚህ ለኮረም ዱቄት ይጫናል።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልምጣ። አምና መሬት ለሚለኩ ፈረንጆች አራት ወር ስነዳ አልነበር? እነዚያ ሰዎች መንደር አጠገብ ሲደርሱ እንኳ ሰው ቤት አይገቡም። ድንኳናቸውን ይተክላሉ፣ የምትታጠፍ ወንበራቸውን ይዘረጋሉ፣ እግራቸውን ሰቅለው ተራራ ያያሉ። ማንም “ብሉ፣ ጠጡ፣ ለምን ትንሽ ብቻ” አይላቸውም። እኔ ቀናሁ። ምን ልደብቅህ፣ በጣም ቀናሁ። ሲሄዱ አንዱን አሮጌ ድንኳን ሰጡኝ። እና አባቴ “ሐይቅ ዳር” ሲሉ እኔ ወዲያው ያየሁት ያንን ድንኳን ነው። አባቴ ወንበር ላይ፣ እኛ ዙሪያቸውን፣ ማንም የማይነዘንዘን፣ ውኃው ፊት ለፊት። በቃ፣ በሐሳቤ ጉዞው አልቋል።

ቤት ውስጥ ድንኳኑን ዘርግቼ አሳየኋቸው። እናቴ ዞረችው። ሁለት ጊዜ ዞረችው። “መዝጊያው የታለ?” አለች። ይኸው በገመድ ይታሰራል አልኳት። “ጅብ ገመድ መፍታት አይችልም ማለት ነው?” አለች። እህቴ ብርሃኔ ደግሞ ከውስጥ ሆና፣ “እማዬ፣ ግቢ ግቢ፣ እዚህ ውስጥ ያለ ሰው ደጅ ሆኖ የሚታማውን ሁሉ ይሰማል” ትላለች። እናቴ ለሦስት ሌሊት ብላ የጫነችውን ብነግርህ አታምነኝም። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሁለት ማድጋ፣ ሦስት ድስት፣ ሙቀጫ። ሙቀጫ ለምን? “ድንገት ብንፈልገውስ” አለች። እኔ አንድ በአንድ አወርዳለሁ፣ እሷ በወዲያኛው በር አንድ በአንድ ትጭናለች።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ከኔ ጨዋነት ነው። አዎ፣ ከጨዋነቴ። እስከ ዛሬ በቁጣዬ የተጎዳሁ ይመስለኝ ነበር።

የአባቴ ታናሽ እህት እቴቴ ዘነቡ ከሐይቁ ወዲህ፣ ኮረም ጠርዝ ላይ እንደምትኖር ታውቃለህ። እኔ ምን አሰብኩ? አምስት ሰዓት በዚያ መንገድ ተንገላተን፣ ደክሞን፣ እሷ ቤት ገብተን ከምናስቸግራት፣ በሩቁ አልፈን ሐይቁ ዳር እንደር፤ ስንመለስ ሰላም እንላታለን። ይህን እንኳ ሳልነግራት እንዳልቀር ብዬ ኮረም ገበያ በሚወጣ ሰው መልእክት ላክሁባት። ቃሉን እንዳለ ልንገርህ፦ “ሰኞ እንመጣለን፤ ሐይቁ ዳር በድንኳን ነው የምናድረው፤ አንቺ ምንም አትቸገሪ።”

እስቲ ንገረኝ፣ ከዚህ ውስጥ ስድቡ የቱ ጋ ነው?

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን አስነስቼ፣ አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠው፣ እናቴ ሙቀጫውን ታቅፋ ከኋላ ሆና፣ ከግቢ ልወጣ ስል በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አቧራ በአቧራ ሆነዋል። መሃለኛው ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ይቅርታ ለመጠየቅ የመጣ ሰው የሚሸከመውን ድንጋይ። ፍሬን ያዝኩ። ማንን ማን በድሎ ነው?

ከኮረም ናቸው። እቴቴ ዘነቡ ናት የላከቻቸው። ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተዋል። ድንጋይ የተሸከሙት አለቃ ፈንታ ይባላሉ፤ ሁለተኛው ጆሮ ይከብዳቸዋል፤ ሦስተኛው “ልክ ነው” ከማለት በቀር አይናገሩም። እህቴ ብርሃኔ ተንደርድራ ወርዳ፣ “አባቴ፣ ይህን ድንጋይ ከኮረም ጀምሮ ነው የተሸከሙት?” አለቻቸው። “የለም ልጄ፣ ከእናንተው አጥር ስር ነው ያነሳሁት። ሰቆጣ ድንጋይ ይቸግራል ብለሽ ነው?” አሏት።

ነገሩ ምን መሰለህ? እቴቴ ዘነቡ መልእክቱን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች አሉ። ወንድሜ ደጄን አልፎ ሜዳ ላይ ሊያድር? ምን አደረግሁት? የማን ነገር ነው ጆሮው የገባው? አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ሽማግሌ ላከች። እና ሽማግሌዎቹ “እንሰማችኋለን ካላላችሁን አንቀመጥም፣ ውኃም አንቀምስም” ብለው በር ላይ ቆሙ። መኪና አለኝ፣ ነዳጅ አለኝ፣ መንገድ አለኝ፤ በር ላይ ግን ሦስት ሽማግሌ አለኝ። ማን በላያቸው ይነዳል? ሞተሩን አጠፋሁ።

ገቡ። ተቀመጡ። አለቃ ፈንታ ድንጋዩን ቀስ ብለው አጠገባቸው አኖሩና፣ “እንግዲህ አቶ ረዳ፣ በደሉ ምንድን ነው?” አሉ።

“በደል የለም” አሉ አባቴ።

አለቃ ፈንታ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ “አያችሁ? ጥልቅ ነው” አሉ።

“ልክ ነው” አሉ ሦስተኛው።

ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም ልበል? ተነሣሁ። መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ ምንም አያውቁም፣ እንዳትደክም ብዬ ነው “አትቸገሪ” ያልኳት አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ኋላ እንደሰማሁት ሐጂ እንድሪስ ሱቅ ድረስ ተሰምቷል።

“ምን አላት?” አሉ ጆሮ የሚከብዳቸው።

“አትቸገሪ አላት” ብለው አለቃ ፈንታ ጆሯቸው ላይ ጮኹ።

“እግዚኦ” አሉ ሰውየው፣ አማተቡ።

አለቃ ፈንታ በርኅራኄ አዩኝ። “ልጄ፣ እኔ ስምንት ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱ ደህና ባለጌ ናቸው። አንዳቸውንም እንዲህ ባለ ቃል ተናግሬ አላውቅም” አሉኝ። ለእናቴ ደግሞ ቀስ ብለው፣ “ወጣት ነው፣ ይበርድለታል” አሏት። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ሰኞ እንዲህ አለቀ። በደል የለም ስንል፣ ቂሙን ደብቀውታል ይባላል። እንወዳታለን ስንል፣ እንዲህ እየወደዷት ያለፏት ምን ያህል ብትበድላቸው ነው ይባላል። ጸሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል አባቴ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። አባቴ በኽምጣኛ ካጉረመረሙ ትዕግሥታቸው አልቋል ማለት ነው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአማርኛ፣ “እሺ፣ አለ” አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተጠጉ።

“በቅሎ ናት” አሉ አባቴ። “ዘነቡ ስትዳር የወሰደችብኝ ግራጫ በቅሎ። እስካሁን ከሆዴ አልወጣችም።”

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ በዚያ ቤት ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ግራጫ በቅሎ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው በራ። አለቃ ፈንታ እግራቸውን ዘረጉ፣ ጠላውንም ተቀበሉ። “ይኸው፣ ወጣ” አሉ። “አሁን የእሷን መልስ ይዘን እንመጣለን።”

መቼ ነው የምትመጡት አልኩ። ሁለት ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ አሉኝ። ካሳዬ፣ የራስ ቅሌ ተከፍቶ እንፋሎት የወጣ መሰለኝ። ነገ ጠዋት ሦስታችሁም መኪና ውስጥ ትገባላችሁ፣ መልሱን እዚያው ትሰማላችሁ አልኳቸው። “መኪናማ አያስፈልግም ነበር” አሉ አለቃ ፈንታ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ግን ከኔ በፊት ገብተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ድንጋዩም አብሯቸው አለ።

እንግዲህ መንገዱን ታውቀዋለህ። መንገድ ይባል እንጂ ድንጋይ የተሰለፈበት ነው። እኔ መሪ ይዤ ከድንጋይ ጋር እታገላለሁ፣ ከኋላ ሦስት ሽማግሌ መንገድ ያሳዩኛል። “በዚህ ግባ፣ አቋራጭ ነው።” አቋራጩ የበቅሎ ነው እላለሁ። “እኛ ከትናንት ወዲያ በዚህ ነው የመጣነው።” እናንተ በእግራችሁ ነው የመጣችሁት እላለሁ። “እኮ፣ እግር የረገጠውን ጎማ ይፈራዋል?” አንዴ ሰማኋቸው፣ ጥፋቴ ይህ ነው። ጸላሪ ስንደርስ መሻገሪያውን ትቼ በእነሱ አቋራጭ ወረድኩ፤ መኪናዋ አሸዋው ውስጥ እስከ ሆዷ ገባች። ወረድኩና ጎማውን መታሁት። አንድ ጊዜ አይደለም። አለቃ ፈንታ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡኝና፣ “ልጄ፣ ከመኪናው ጋር ደግሞ ምን አጣላችሁ?” አሉኝ።

“ልክ ነው” አሉ ሦስተኛው። ምኑ ነው ልክ?

ያኔ አባቴ ወረዱ። ጫማቸውን አወለቁ። “ጭነቱን አራግፉ” አሉ፣ ዱሮ በቅሎ አሸዋ ስትይዝባቸው እንደሚሉት። ሙቀጫው ወረደ፣ ማድጋው ወረደ፣ ሽማግሌዎቹም ወረዱ። አባቴ በዱላቸው አሸዋውን እየወጉ፣ በዚያች በአንድ ዓይናቸው እያዩ፣ ወንዙን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ተሻገሩት። “በዚህ ጨው አሻግሬያለሁ፣ ታቹ ዐለት ነው፤ ቀስ ብለህ ተከተለኝ” አሉ። ሁላችን ገፍተን አወጣናት። ከዚያ ላንድሮቨር የሚያህል ነገር ከአንድ ባዶ እግሩን ከሆነ ሽማግሌ ኋላ ኋላ እንደ ግልገል ተከትላ ተሻገረች። ጎማዋ አንዴ እንኳ በከንቱ አልዞረባትም። የነዳሁት እኔ ነኝ፣ ያሻገሯት ግን እሳቸው ናቸው። ይህም አናዶኛል፤ ግን ለአንተ ስለሆነ እነግርሃለሁ።

ከሰዓት በኋላ እቴቴ ዘነቡ ደጅ ደረስን። ወጥታ ቆማለች። ፊቷ ላይ ደም የለም። አባቴን እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። አለቃ ፈንታ ድንጋያቸውን ተሸክመው ወጉን አወጉ፤ በደሉ በመጨረሻ ታወቀ፣ ግራጫዋ በቅሎ ናት አሉ። እኔ አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እቴቴ “የምን በቅሎ?” ብላ የምትጮህ መስሎኝ።

እቴቴ ወንድሟን አየቻቸው። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ያቺን የተጋረደች ዓይናቸውን ያየቻት ያኔ ነው መሰለኝ። ከዚያ፣ “አዎ፣ ወስጃታለሁ” አለች። “በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ።”

ያልነበረችውን በቅሎ ወሰድኩ አለች፣ ገባህ? ገና አላበቃችም። ወደ ጓሮ ሄዳ አንዲት ዳማ በቅሎ እየጎተተች መጣች። “ግራጫዋማ ሞታለች፤ ይቺ ልጇ ናት” ብላ ገመዱን አባቴ እጅ ላይ አኖረችው።

 እዚያ የቆምን ሁሉ ከበቅሎ ጋር ያደግን ነን። በቅሎ ወልዳ ያየ ሰው አለ? አለቃ ፈንታ ሰማይ አዩ። ጆሮ የሚከብዳቸው ሰውዬ እንኳ የሰሙ መሰሉ።

“ልክ ነው” አሉ ሦስተኛው። በግ ታረደ።

በዚያች ማታ ወጥተን እንደር ብል ሰው ይገድለኛል። እቴቴ ቤት አደርን። ግን ረቡዕ ቀርታልኛለች። አንዲት ቀን፣ አንዲት ሌሊት። ሐሙስ መመለስ አለብን። ረቡዕ ጠዋት አባቴን፣ እናቴን፣ ብርሃኔን፣ እቴቴንም ጭኜ አሸንጌ ወረድኩ። በቅሎዋስ? በቅሎዋ ከኋላ ታስራ ተከተለች፤ ከእርቅ ማግስት ትቶ መሄድ ሌላ ሽማግሌ ያስመጣል። እና እሷ እንዳትደክም በእግር ሰው ልክ ነዳሁ። ላንድሮቨር በበቅሎ እርምጃ ስትሄድ አይተህ ታውቃለህ?

አባቴ ውኃው ዳር ለስላሳ ሣር መርጠው ጋቢያቸውን ዘርግተው ቁጭ አሉ። የበቅሎዋ ገመድ እጃቸው ላይ ነበር። ወሰድኩባቸው። ቀኑን ሙሉ በቅሎ የጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ የመኪና ሾፌሩ። ተራራው ውኃው ላይ ተገልብጧል፣ ወፎቹ ይነሣሉ ይቀመጣሉ፣ ማዶ ከብት ይጠጣል። አባቴ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በቀኙ ያያሉ። “ሰማያዊ ነው ለካ” አሉ። “እኛ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምናልፈው፤ ግራጫ ነው የሚመስለኝ።” እቴቴ ጎናቸው ተቀምጣ ቆሎ ታቀብላቸዋለች፣ እሳቸው ሳያዩ ይቀበላሉ።

እኔ ደግሞ በቅሎዋን ግንድ ላይ አሰርኩና ድንኳኔን ተከልኩ። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ነፋሱ ሁለቴ አነሣብኝ፤ በሦስተኛው ግን ድንኳኑ ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ደጃፉን ወደ ውኃው አደረግሁት፣ ሣር አነጠፍኩ፣ ውስጡን ጠረግሁ። ያን የመሰለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ጸሐይዋ ተራራው ጫፍ ስትደርስ አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን አራገፉ። “በል ሲሳይ፣ ሳይመሽ እንሂድ” አሉ።

“ወዴት አባዬ?”

“ዘነቡ ቤት ነዋ።”

“ድንኳኑስ?”

ዞረው አዩት። ገና ያን ጊዜ ያዩት መሰሉ። “ማን ሊያድርበት ነው?” አሉ።

“እርስዎ ነዎታ። ሐይቁ ዳር ላድር ብለው አይደል እንዴ ይህ ሁሉ?”

“እኔ ቁጭ ልበል ነው ያልኩት” አሉ። “ቁጭ አልኩ፣ አየሁ፣ ጠገብኩ። ማደር ያለህ ማነው?”

ካሳዬ፣ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ማነው ያለኝ? እናቴ አላለችኝም፣ እሷ መዝጊያ ነው የጠየቀችው። ብርሃኔ አላለችኝም። እቴቴ፣ እንኳን ልትል አልቅሳበታለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች በእግራቸው ሁለት ቀን የመጡት ሰው ባላሰበው አዳር ነው። ድንኳኑን በአንድ ሰዓት ተክዬ በአምስት ደቂቃ ነቀልኩት። እቴቴ ገመዱን ስትጠቀልልልኝ፣ “ደህና ሸራ ነው፣ እህል ማስጫ ይሆነኛል” አለች። ሰጠኋት።

ከሁሉ የባሰውን ልንገርህና ይብቃኝ፣ ባትሪውም እየደከመ ነው። ማታ እቴቴ ቤት ለእኔ የተነጠፈልኝ የቤቱ ደህናው መደብ ነበር፣ ከሥሩ የበሬ ቆዳ፣ ከላዩ ሁለት ጋቢ። አኩርፌ ተጋደምኩ። ዓይኔን ሳልከድን አድሬ፣ ጠዋት ደም መስሎ እንዲያዩልኝ ቆርጬ ነበር። ከፈረንጆቹ ጋር በድንኳን አራት ወር ሳድር፣ ከብርዱ ከነፋሱ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ተኝቼ አላውቅም፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚያ መደብ ላይ ግን ጸሐይ ግንባሬን እስክትመታኝ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ሊቀሰቅሱኝ ሲመጡ እቴቴ፣ “ተውት፣ ደክሞታል፣ አታስቸግሩት” ስትል ነው የነቃሁት።

እስቲ አሁን ንገረኝ፣ በማን ልናደድ?